ባለብዙ ክፍል የፋይበርግላስ ሞልድ

ባለብዙ ክፍል የፋይበርግላስ ሞልድ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቁራጮች በብሎን ተገጣጥመው አንድ ቅርጽ የሚሰጡበት፣ ዕቃው ከጠነከረ በኋላ ደግሞ ተፈታተው ከዕቃው ላይ የሚነሱበት የቅርጽ ማውጫ ነው። ለጀልባ፣ ለመኪና አካል፣ ለውሃ ማጠራቀሚያና ለመሳሰሉት ሥራዎች ያገለግላል። ይህ መጣጥፍ አሠራሩን የሚያስረዳው የሞተር ብስክሌት የጎን ሳጥንን፣ ማለትም ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ የሚታሰረውን የዕቃ መያዣ፣ እንደ ምሳሌ በመውሰድ ነው።

አመጣጥ

ፋይበርግላስ ከቀጫጭን የመስታወት ክሮችና ክሮቹን አጣብቆ ከሚይዝ ሬዚን የሚሠራ ውህድ ነው። ክሩ በሬዚኑ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ጭድ በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል፤ ብቻውን ቢሆን የሚሰነጠቀውን ነገር አያይዞ ያጠነክረዋል። የመስታወት ክርን በፋብሪካ ደረጃ ካስፋፉት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ኦወንስ ኮርኒንግ እ.ኤ.አ. በ1938 በአሜሪካ ተመሠረተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀልባ ሠሪዎች ዘዴውን በስፋት ተቀበሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ኮርቬት የተባለው የሸቭሮሌት መኪና በፋይበርግላስ አካል ተሠርቶ ወጣ።

የጀልባ ሥራ ዕውቀት ወደ ሞተር ብስክሌት እንዴት እንደ ተሻገረ ሃርሌይ ዴቪድሰን ጥሩ ምሳሌ ነው። ኩባንያው የፋይበርግላስ ክፍሎችን ራሱ ለማምረት አስቦ እ.ኤ.አ. በ1962 በዊስኮንሲን ግዛት የነበረውን የቶማሃውክ ጀልባ አምራች ድርጅት 60 በመቶ ድርሻ ገዛ። የቶማሃውክ ፋብሪካም ከዚያ በኋላ ለሞተር ብስክሌቶቹ የጎን ሳጥን ያመርት ጀመር።

ከአንድ ክፍል በላይ የሚያስፈልግበት ምክንያት

ቡና የሚጠጣበት ሲኒ ከታች ጠቦ ወደ አፉ እየሰፋ ይሄዳል። በሲኒ ውስጥ የጠነከረ ሰም ሲገለበጥ ይወጣል። ጀበና ውስጥ የጠነከረ ሰም ግን አንገቱ ስለሚይዘው ጀበናው ካልተሰበረ አይወጣም። የሞልድ ሥራ ዋና ችግርም ይኸው ነው።

የጎን ሳጥን ቅርጽ ብዙውን ጊዜ ከሲኒ ይልቅ ወደ ጀበና ይጠጋል። ሆዱ ነፋ ብሎ አፉ ጠበብ ይላል፤ ወደ ሞተሩ በሚዞረው ጎኑ ላይ ደግሞ ለጭስ ማውጫው ቱቦ ቦታ የሚለቅ ስርጉድ አለው። እንዲህ ያለ ቅርጽ ከአንድ ወጥ ሞልድ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ሞልዱ ይከፈላል፤ የፊተኛው ቁራጭ ወደ ፊት፣ የኋለኛው ወደ ኋላ፣ ስርጉዱን የያዘው ሦስተኛው ቁራጭ ደግሞ ወደ ጎን ይሳባል። ደንቡ አጭር ነው፦ እያንዳንዱ ቁራጭ ምንም ሳይነካው ቀጥ ብሎ የሚወጣበት አንድ አቅጣጫ ሊኖረው ይገባል። ግድግዳው ወደዚያ አቅጣጫ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ያህል ሰፋ ቢል መላቀቁ ይቀላል።

አምሳያው

ሥራው የሚጀምረው ከአምሳያ ነው። አምሳያ የሚፈለገውን ሳጥን የውጭ መልክ በትክክል የያዘ ሲሆን ከእንጨት፣ ከኤምዲኤፍ ወይም ከጠንካራ ፎም ይሠራል። ከዚያም በስቱኮ ተሞልቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው እስከ ልሙጡ ደረጃ በደረጃ ይፈገፈጋል። በአምሳያው ላይ የቀረ ጭረት ወደ ሞልዱ፣ ከሞልዱም ወደ እያንዳንዱ ሳጥን ይተላለፋል። የግራና የቀኝ ሳጥኖች እንደ መስታወት ምስል ተቃራኒ ከሆኑ ሁለት አምሳያና ሁለት ሞልድ ያስፈልጋሉ።

የመለያያ መስመር

ቁራጮቹ የሚገናኙበት መስመር በአምሳያው ላይ በእርሳስ ይሠመራል። መስመሩ ቅርጹ በጣም ወደ ውጭ በሚወጣበት ጫፍ ላይ ማለፍ አለበት። ጥቂት ሚሊሜትር ወደ አንዱ ወገን ካዘነበለ ቁራጩ አምሳያውን አልፎ ይታጠፍና እንደ መንጠቆ ይይዘዋል። ይህ ስህተት በሥራው ጊዜ አይታይም፤ የሚታወቀው ሁሉም ከጠነከረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሞልዱን ወይም አምሳያውን፣ አንዳንዴም ሁለቱንም መስበር ግድ ይሆናል።

በመስመሩ ላይ ከቀጭን ጣውላ ወይም ከፕላስቲክ ዝርግ ጊዜያዊ አጥር ይቆማል። አጥሩና አምሳያው የሚገናኙበት ስንጥቅ በሸክላ ወይም በፕላስቲሲን ይደፈናል። ሬዚኑ አጥሩ ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ የሚዘረጋ ከንፈር ይሠራል፤ ቁራጮቹ በኋላ በብሎን የሚታሰሩት በዚህ ከንፈር ነው። በአጥሩ ላይ ትንንሽ ግማሽ ክብ ጉብታዎች ቢለጠፉ በከንፈሮቹ ላይ ተገጣጣሚ ምልክት ስለሚተዉ፣ ሞልዱ ሁልጊዜ በትክክለኛው ቦታ እንዲገጥም ያደርጋሉ።

አሠራር

አምሳያው ብዙ ጊዜ በሰም ይታሻል፤ በላዩም የማላቀቂያ ፈሳሽ ይቀባል። ቀጥሎ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጄልኮት ይደረጋል። ጄልኮት የሞልዱ ልሙጥ የውስጥ ገጽ የሚሆነው ሽፋን ነው። በጣም ከሳሳ ወይም በደንብ ሳይጠነክር ሬዚን ከተደረበበት ይሸበሸባል፤ በጣም ከወፈረ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሲነካ የሚያጣብቅ፣ ነገር ግን ጣት ላይ የማይቀር ሲሆን የመስታወት ክር መደረብ ይቻላል።

የመጀመሪያው ድርብ ስስ ይሆናል፤ አየሩም በብሩሽና በሮለር ተጨምቆ ይወጣል። ከጄልኮቱ ሥር የቀረ የአየር አረፋ በኋላ ተሰብሮ ቀዳዳ ይሆናል። የቀሩት ድርቦች በአንድ ጊዜ አይጫኑም፤ ሬዚን ሲጠነክር ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ ወፍራም ድርብ ሞልዱን ሊያጣምመው ይችላል። ሞልዱ ከሚሠራው ሳጥን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቢወፍር መልካም ነው።

የመጀመሪያው ቁራጭ ሲጠነክር አጥሩ ይነሳል፤ ከንፈሩ ሰም ተቀብቶ ለሁለተኛው ቁራጭ እንደ አጥር ያገለግላል። ሦስተኛውም እንዲሁ ይሠራል። የብሎን ቀዳዳዎች የሚበሱት ቁራጮቹ ገና በአምሳያው ላይ እንዳሉ ነው፤ ከተለያዩ በኋላ ከተበሱ መስመራቸው ይዛባል።

ማላቀቅ

ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ማላቀቅ ነው። ፖሊስተር ሬዚን ሲጠነክር ይኮማተራል። ሞልዱ አምሳያውን ከውጭ ስለሚከበው ሲኮማተር ያቅፈዋል፤ ሳጥኑ ግን በሞልዱ ውስጥ ስለሚሠራ ሲኮማተር ከግድግዳው ይሸሻል። ስለዚህ ከሞልዱ ውስጥ ሳጥን ማውጣት ሞልዱን ከአምሳያው ከማላቀቅ ይቀላል። ሞልዱ ቅርጹን እንዳይለቅ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት በአምሳያው ላይ ይቆያል። ከዚያም የፕላስቲክ ሽብልቅ በከንፈሮቹ መካከል ቀስ በቀስ ይገባል። የብረት መሣሪያ ጄልኮቱን ስለሚፍቅ አይመከርም።

ሳጥኑን መሥራት

0.6 ካሬ ሜትር ስፋት ላለው ሳጥን፣ በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን የመስታወት ምንጣፍ ሁለት ጊዜ ቢደረብ 540 ግራም ክርና 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ሬዚን ይፈጃል። ውጤቱም ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ግድግዳ ነው። ማዕዘኖቹና ከሞተሩ ጋር የሚታሰርባቸው ቦታዎች ተጨማሪ ድርብ ይፈልጋሉ። ክዳኑ እንዲገጥም አንዳንድ ሠሪዎች አካሉንና ክዳኑን አንድ ላይ ሠርተው በኋላ በመጋዝ ይለያዩታል፤ ሌሎች ደግሞ ለክዳኑ የራሱን ሞልድ ያዘጋጃሉ። ሁለቱም ውሃ እንዳይገባ በጠርዙ ላይ ጎማ ይጨምራሉ።

አደጋና ጥንቃቄ

ሬዚኑን የሚያጠነክረው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ሜቲል ኢቲል ኬቶን ፐርኦክሳይድ ነው። መጠኑ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ማለትም ለ1 ኪሎ ግራም ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ማየት እስከ ማሳጣት ይደርሳል፤ ስለዚህ መነጽር ሳያደርጉ ጠርሙሱን መክፈት አይገባም። ከገባም ዓይንን ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ አጥቦ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ይህ ፈሳሽ ኮባልት ካለበት ማፍጠኛ ጋር በቀጥታ ቢቀላቀል ሊፈነዳ ይችላል፤ ማፍጠኛው አስቀድሞ በሬዚኑ ውስጥ በደንብ መዋሃድ አለበት።

ከሬዚኑ የሚወጣው የስታይሪን ትነት ራስ ያዞራል፣ መተንፈሻንም ይጎዳል፤ በቀላሉም በእሳት ይያያዛል። ሥራው ነፋሻ ቦታ፣ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብልና ጓንት ይጠይቃል። ተራ የአቧራ ጭንብል ትነቱን አያግድም፤ የሚጠቅመው የጠነከረው ፋይበርግላስ ሲቆረጥና ሲፈገፈግ ከሚነሳው አቧራ ለመከላከል ነው። በዕቃ ውስጥ የተረፈ የተቀላቀለ ሬዚን እስኪያጨስ ድረስ ሊሞቅ ስለሚችል፣ እስኪቀዘቅዝ ከቤት ውጭ ይቀመጣል።

የዛሬ አጠቃቀም

ዛሬ በብዛት የሚሸጡ የጎን ሳጥኖች በአብዛኛው ከፕላስቲክ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው። ፕላስቲክ በግፊት የሚሞላበት የብረት ሞልድ ውድ በመሆኑ ወጪውን የሚመልሰው ብዙ ሺህ ዕቃ ሲመረትበት ነው። የፋይበርግላስ ሞልድ ግን በትንሽ ጋራዥና በእጅ መሣሪያ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ለጥቂት ሳጥኖች፣ ለአሮጌ ሞተር ብስክሌቶች መለዋወጫና ለአዲስ ንድፍ ሙከራ እስከ አሁን ያገለግላል።