የጀበና ቡናና ኮሌስትሮል፦ የቡና ቅባት በጉበት ኢንዛይም ላይ ምን ያደርጋል?

ማንኪራ በካፋ ዞን ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ፣ የቡና መገኛ ተብላ የምትታወቅ ጫካማ ቀበሌ ናት። እዚያም እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ቡና በጀበና ፈልቶ ይጠጣል። «ኮሌስትሮልዎ ከፍ ብሏል» የተባለ ሰው ታዲያ «ቡና ልተው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። አጭሩ መልስ፦ ለአብዛኛው ሰው መተው አያስፈልግም፤ አፈላሉንና መጠኑን ማስተካከል ግን ሊጠቅም ይችላል።

ቡና ውስጥ ያለው ቅባት ምንድን ነው?

የቡና ፍሬ ዘይት አለው። በዘይቱ ውስጥ ካፌስቶልና ካህዌኦል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይገኛሉ። በካፋ ጫካ የሚበቅለው አረቢካ ቡና ሁለቱም አሉት። ቡና ሲፈላ ዘይቱ ወደ ውሃው ይወጣል። የማጣሪያ ወረቀት አብዛኛውን ካፌስቶል ያስቀራል። ወንፊት ወይም በጀበና አፍ ላይ የሚወተፍ ጭራ ግን አተላውን እንጂ ዘይቱን አይዝም።

እንዴት ታወቀ?

በ1983 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ የተደረገ ጥናት፣ ብዙ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳየ። በአካባቢው ቡና ሳይጣራ ተፈልቶ የመጠጣት ልማድ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ዋናው ምክንያት ካፌስቶል መሆኑን ለዩ። በቀን 10 ሚሊግራም ካፌስቶል መውሰድ ኮሌስትሮልን በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ሚሊግራም ገደማ ከፍ ያደርጋል። ምክንያቱ ካፌይን ስላልሆነ፣ ካፌይን የወጣለት ቡና መጠጣት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ኢንዛይሙ ምን ይሠራል?

ጉበት ትርፍ ኮሌስትሮልን ከሚቀንስባቸው መንገዶች አንዱ ወደ ሐሞት አሲድ መለወጥ ነው። ሥራውን የሚያስጀምረው ኮሌስትሮል 7-አልፋ ሃይድሮክሲሌዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሰውነት ሐሞት በበቃው ጊዜ ከአንጀት ወደ ጉበት «በቃ» የሚል መልእክት ይላካል፤ ኢንዛይሙም ይቀንሳል። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቤይለር ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ካፌስቶል ይህንኑ መልእክት እንደሚያስነሳ አገኙ። ሐሞቱ ሳይበዛ ኢንዛይሙ ስለሚቀንስ፣ ወደ ሐሞት መለወጥ የነበረበት ኮሌስትሮል ሳይለወጥ ይቀራል።

ኮሌስትሮሌ ከፍ ካለ ምን ላድርግ?

• በቀን ስንት ስኒ እንደሚጠጡና እንዴት እንደሚፈላ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ስኒ ትንሽ ናት፤ ቢሆንም አቦል፣ ቶና፣ በረካ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም መጠኑ ይጨምራል።
• ቡናው በጀበናው ውስጥ በደንብ እስኪሰክን ይጠብቁ፤ አተላውንና የስኒውን ጭላጭ አይጠጡ። ከደቃቁ ዱቄት ጋርም ካፌስቶል አለና።
• ከተቻለ የፈላውን ቡና በማጣሪያ ወረቀት አሳልፈው ይጠጡ።
• ቡና ላይ ቅቤ የመጨመር ልማድ ካለዎት ይተዉት። ቅቤ በራሱ መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ይጨምራል።
• ስታቲን ወይም ሌላ መድኃኒት ታዝዞልዎት ከሆነ፣ ቡና ስለቀነሱ ብለው አያቋርጡ።

ያልተጣራ ቡና ሲቆም፣ በእሱ ምክንያት የጨመረው ኮሌስትሮል በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ቡና ብቻውን ምክንያት አይደለም። የቤተሰብ ታሪክ፣ የሰውነት ክብደት፣ የስኳር በሽታና የእንቅርት ሆርሞን ማነስም ኮሌስትሮልን ይጨምራሉ።

መቼ ልመርመር?

ከፍተኛ ኮሌስትሮል አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። አጠቃላይ ኮሌስትሮል ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ቢሆን ይመረጣል፤ 240 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ካለብዎት፣ ወይም ከቤተሰብዎ በለጋ ዕድሜው በልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የተያዘ ካለ፣ ምርመራውን አያዘግዩ። ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የንግግር መተሳሰር ከታየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ቤተሰብም ሊያግዝ ይችላል። ታማሚውን ከቡናው ሥርዓት ከማግለል ይልቅ፣ ለእሱ የሚቀዳውን አጣርቶ፣ የስኒውንም ቁጥር ቀንሶ አብሮ መጠጣት ይቻላል።