ትርፍ ክፍል ለማን ይከራያል? በአድ-ዳኢር የእንግዳ ተቀባይነትና የሕግ ወሰን

ከጂዛን ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚያመራው መንገድ ሜዳውን ለቅቆ ሽቅብ መጠማዘዝ ሲጀምር፣ በድንጋይ እርከን የተደገፉ የቡና ማሳዎች ይታያሉ። የቤኒ ማሊክ ተራሮች ማዕከል የሆነችው አድ-ዳኢር የምትገኘው በዚሁ ከፍታ ላይ፣ ከየመን ድንበር አቅራቢያ ነው። የኸውላኒ ቡና አመራረት እውቀት እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከተማዋ በምታሰናዳው የቡና በዓል ሰሞንም ከልዩ ልዩ አካባቢዎች ጎብኚዎች ይመጣሉ። ከእነርሱ ሌላ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በልዩ ልዩ ሥራዎች የሚሰማሩ፣ ወራት ወይም ዓመታት የሚቆዩ ሰዎችም ማደሪያ ይሻሉ። ትርፍ ክፍል ላለው ቤተሰብ ይህ የገቢ ምንጭ ነው።

ነገር ግን ክፍል ማከራየት ከሌላ ኪራይ ይለያል፤ አከራዩ የሚያካፍለው የራሱን ጓዳና ግቢ ነውና። በሳዑዲ ቤቶች እንግዳ መቀበያው መጅሊስ ብዙ ጊዜ ለብቻው በር አለው፤ የቤተሰቡ መኖሪያም ከዚያ የተለየ ነው። ለኪራይ የሚመረጠውም እንዲህ የራሱ መግቢያና መታጠቢያ ያለው ክፍል ነው። አከራዮች «ለቤተሰብ» እና «ለወንደላጤ» ብለው መለየታቸውም ከዚሁ የቤት ክብር የመነጨ ነው። ተከራይ ይህን ልማድ አስቀድሞ ቢያውቅ ከአላስፈላጊ ቅሬታ ይድናል።

ከልማዱ ቀጥሎ የሚመጣው ውሉ ነው። የሳዑዲ የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት፣ በ«ኢጃር» የኤሌክትሮኒክ መረብ ያልተመዘገበ የኪራይ ውል በአስተዳደርም ሆነ በፍርድ ቤት ፊት ዋጋ አይኖረውም። የተመዘገበው ውል ግን እንደ አስፈጻሚ ሰነድ ስለሚቆጠር፣ ባለመብቱ አዲስ ክስ ሳይመሠርት በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ፍርድ ቤት ሊያመራ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 15 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ የአዳዲስ የመኖሪያ ቤት ውሎች ኪራይ የሚከፈለው በዚሁ መረብ በኩል እንዲሆን ተደርጓል። ከእጅ ወደ እጅ የተሰጠ ገንዘብ ጠብ ሲነሣ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግረዋል። ክፍሉን ለአጭር ጊዜ ለጎብኚዎች ማከራየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከቱሪዝም ሚኒስቴር የግል ማደሪያ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል።

ኢትዮጵያውያን አንባቢዎቻችን በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባው ጉዳይ የደባል ነገር ነው። ብዙዎቻችን ቤት ተከራይተን፣ የኪራዩን ሸክም ለማቃለል አንዱን ክፍል ለወዳጅ ወይም ለአገር ልጅ እናካፍላለን። ይሁንና ተከራይ ከቤቱ ባለቤት ፈቃድ ውጭ ለሌላ ሰው ማከራየት አይችልም። ፈቃዱም በቃል ሳይሆን በውሉ ውስጥ መስፈር ይኖርበታል። ያለዚያ ባለቤቱ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዋናው ተከራይም ደባሉም አብረው ሜዳ ላይ ይወድቃሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በአገራችን ገጠር የመሸበት መንገደኛ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል በሩን መዝጋት ነውር ነው። በአድ-ዳኢርና በአካባቢው የድንበር ከተሞች ደግሞ ይህን ቃል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የሚናገር ሰው ሌሊት በር ሊያንኳኳ ይችላል። የመንን አቋርጠው የሚመጡ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸውና። የሳዑዲ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በየሳምንቱ በሚያወጣው መግለጫ፣ ድንበር ሲሻገሩ ከሚያዙት መካከል አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያንና የመናውያን መሆናቸውን ይገልጻል። በዚያው መግለጫ አንድ ማስጠንቀቂያ ይደጋገማል፦ በሕገ ወጥ መንገድ የገባን ሰው ያጓጓዘ፣ ያስጠለለ ወይም በማናቸውም መንገድ የረዳ ሰው እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ይጠብቀዋል፤ ለመጠለያ የዋለው ቤትም ሊወረስ ይችላል።

እንግዲህ ክፍሉን በቅንነት የከፈተ ሰው፣ ኪራይ ቢቀበልም ባይቀበልም፣ ነጻነቱንና ንብረቱን ሊያጣ ይችላል። ለዓመታት በላብ የተገነባ ኑሮ በአንድ ሌሊት ውሳኔ ሊፈርስ የሚችል መሆኑን መሸሸግ ለእንግዳውም አይበጅም። ኢቃማ የሌለው ሰው በኢጃር ሊመዘገብ ስለማይችል፣ የሚያገኘው ክፍል መቼም ቢሆን የተደበቀ ክፍል ነው። የተደበቀ ተከራይ ኪራዩ በዘፈቀደ ቢጨመርበት፣ ማስያዣው ቢቀርበት ወይም በእኩለ ሌሊት ውጣ ቢባል አቤት የሚልበት ቦታ የለውም። ጭንቅ ላይ ለወደቀ ወገን የሚሻለው፣ ጅዳ ከሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ማመልከት ነው።

ክፍል ለማከራየትም ለመከራየትም ያሰበ ሰው ቅደም ተከተሉን ቢጠብቅ ይበጀዋል። በመጀመሪያ የባለቤቱን ፈቃድና የተከራዩን ኢቃማ የአገልግሎት ዘመን ያረጋግጥ። ቀጥሎ የኪራዩን መጠን፣ የመክፈያውን ቀን፣ ማስያዣውንና የሚመለስበትን ሁኔታ በውሉ ያስፍር። መብራት በአንድ ቆጣሪ የሚሠራ ወይም ውኃ በቦቴ የሚገዛ ከሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ይወሰን። እንግዳ ስለማሳደር፣ ስለ ማብሰያ ቤቱና ስለ መግቢያ ሰዓትም አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ቁልፍ ከመረካከብ በፊት የክፍሉን ይዞታ በፎቶግራፍ ማስቀረት ከኋላ ንትርክ ያድናል።

ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በአድ-ዳኢር ተራሮች ላይ ክፍል የሚያከራይም ሆነ የሚከራይ ወገናችን፣ ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ከመተላለፉ በፊት ውሉ መመዝገቡን በስልኩ ላይ ከፍቶ ይመልከት።