የአረር ማቅለጫው ድስትና የቤታችን አማና

በአፈሙዙ በኩል ባሩድና አረር የሚጎርስ ጠመንጃ ዘመኑ ያለፈበት መሣሪያ ይመስለን ይሆናል። ይሁን እንጂ በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ለዚህ ጠመንጃ የተለየ የአደን ወቅት ስለሚመደብለት፣ አረሩን በቤታቸው የሚሠሩ አዳኞች ዛሬም አሉ።

አረሩ የሚሠራው ከእርሳስ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የወጥ ቤት ምድጃ እንኳ ይበቃዋል። የቀለጠው እርሳስ ለሁለት በሚከፈት የብረት ፎርማ ውስጥ ይፈስና ሲረጋ አረር ሆኖ ይወጣል። አረሩ ለጠመንጃው ቱቦ ካነሰ ባለቤቱ ፎርማውን ራሱ ያሰፋዋል። አንዱን አረር የሚሞርድ ቅባት ቀብቶ ፎርማው ውስጥ ደጋግሞ ያሽከረክረዋል፤ የፎርማው ጎድጓዳም በጥቂት በጥቂቱ እየተፋቀ ይሰፋል።

ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ሙያ ነው። አደንም በሸሪዓው ደንብ እስከተፈጸመ ድረስ ሐላል ነው። ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ በሥራው ጊዜ ከአረሩ የተፋቀው እርሳስ የት ገባ?

ከአባት እጅ ወደ ልጅ አፍ

ብዙ ሰው የሚፈራው ጢሱን ብቻ ነው። ነገር ግን ከቀለጠው እርሳስ ላይ የሚገፈፈው አመድና ከፎርማው የሚጠረገው ዝቃጭ ደርቆ አቧራ ይሆናል። አቧራው በአባት እጅና ልብስ ላይ ተጣብቆ ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ሕፃን ልጅ ምንጣፉ ላይ ይድሃል፤ ጣቱንም ይጠባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። ሕፃናት ከሚውጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። እርሳስ አእምሮን ይጎዳል፣ የመማር ችሎታን ይቀንሳል፤ ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ፅንሱ ያልፋል።

ጉዳቱ በሙስሊም ወገኖቻችን ላይ ታይቷል። በሴኔጋል ዳካር አጠገብ በምትገኘው ቲያሮይ ሱር ሜር፣ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) 18 ሕፃናት ሞተዋል፤ መንስኤውም ከአሮጌ የመኪና ባትሪዎች የሚወጣው እርሳስ ነበር። በናይጄሪያ ዛምፋራ ደግሞ በ2010 እርሳስ ያለበት የወርቅ ድንጋይ በየግቢው ሲፈጭ ቢያንስ 400 ሕፃናት እንደሞቱ ይገመታል። አባቶቹም እናቶቹም የልጆቻቸውን ጉርሻ ፍለጋ ላይ ነበሩ።

ምን እናድርግ?

አረር የሚያቀልጥም፣ በአገራችን ባትሪ የሚፈታም ሆነ ራዲያተር የሚበይድ ሰው እነዚህን ይጠብቅ፦

• ሥራው ከመኖሪያ ቤት ርቆ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች አይቅረቡ።
• እርሳስ የቀለጠበት ድስት ዳግመኛ ለምግብ አይዋል።
• ውሃ ከቀለጠ እርሳስ ይራቅ፤ አንዲት ጠብታ በቅጽበት ተንና እርሳሱን ፊት ላይ ትረጨዋለች።
• አቧራው በደረቁ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።
• የሥራ ልብስና ጫማ ቤት አይግባ፤ ልብሱም ለብቻው ይታጠብ።
• ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። ዉዱእ ለሶላት ያዘጋጀናል፤ እርሳስን ለማስለቀቅ ግን ሳሙና ያስፈልጋል።
• የተጠረጠረ ልጅ የደም ምርመራ ይደረግለት፤ ምልክት ሳይታይ ጉዳቱ ሊጀምር ይችላልና።

ዲናችን ለራስም ሆነ ለሌላው ጉዳት ማድረስን ይከለክላል። ልጆቻችን አላህ (ሱ.ወ.) በአማና የሰጠን ናቸው፤ ነገ ስለ እነሱ እንጠየቃለን። በእጃችን ሙያ የምንደሰተው እነርሱ ጤነኛ ሆነው ሲያድጉ ነው።

አላህ ቤተሰቦቻችንን ይጠብቅልን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።