ተጨማሪ መረጃ፦ ከጦር ጄት ወደ መንገደኛ አውሮፕላን

በአሜሪካ አየር ኃይል ሥልጠናውን ያጠናቀቀ አብራሪ በተለምዶ 10 ዓመት የማገልገል ግዴታ አለበት። ከዚያ በኋላ በሠራዊቱ መቆየት፣ ማስተማር ወይም አዳዲስ አውሮፕላኖችን በበረራ መሞከር ይችላል። የብዙዎች ዓይን የሚያርፈው ግን አየር መንገዶች ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በዚያ አገር የአየር መንገድ አብራሪ ለመሆን 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ከሠራዊቱ ለሚመጣ አብራሪ ግን 750 ሰዓት ይበቃዋል፤ በዚህ መነሻ የሚሰጠው ፈቃድ ረዳት አብራሪ ያደርገዋል።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚከብደው ተራ መጠበቁ ነው። በአየር መንገዶች ዕድገትም ሆነ የበረራ ምርጫ የሚወሰነው በቅጥር ቀን ስለሆነ፣ ትናንት ስኳድሮን ያዝዝ የነበረ ኮሎኔል በዕድሜ ከሚያንሰው ካፒቴን በስተቀኝ ይቀመጣል። ማዕረጉን የሚቆጥርለት የለም! ባለአንድ መቀመጫ ተዋጊ ጄት ያበረረ ሰው ደግሞ ከባልደረባው ጋር እየተመካከረ መሥራትን መልመድ አለበት።

ለምሳሌ ቼስሊ ሰለንበርገር ኤፍ-4 ፋንተም የተባለ ተዋጊ ጄት ያበርር ነበር፤ በ1980 አየር ኃይሉን ለቆ አየር መንገድ ገባ። በ2009 ኒው ዮርክ ላይ ወፎች ሁለቱንም ሞተሮች ሲመቱበት ኤርባሱን ሐድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈ፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ብዙዎች ይህን ለተዋጊ አብራሪነቱ ብቻ ይሰጡታል፤ የ29 ዓመት ገደማ የሲቪል በረራ ልምዱን ግን ይዘነጋሉ።

ከሠራዊቱ ዘግይቶ ለሚመጣ አብራሪ ተራ መጠበቂያው ጊዜም ገደብ አለው፤ በአሜሪካ የአየር መንገድ አብራሪዎች የዕድሜ ጣሪያ 65 ዓመት ነው።