የፍላት ቲቪ ዋጋ ከምን ተሠራ?

«43 ኢንቹ ስንት ገባ?» በአዲስ አበባ አዲሱ ገበያ ሰፈር አስፋልት ዳር ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ደጃፍ የቆመ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይውልም። ጠያቂው የጉለሌ ነዋሪ ሊሆን ይችላል፤ ከሱሉልታ ወይም ከጫንጮ የመጣም ይሆናል። ሰፈሩ የጎጃም መንገድ መውጫ ስለሆነ የከተማውንም የገጠሩንም ሸማች ያገናኛል። ሻጩ ዋጋውን ሲነግረው ገዥው «ባለፈው ስጠይቅ እንዲህ አልነበረም» ይላል። ሻጩም «ዶላሩ ነዋ!» ብሎ ይመልሳል።

መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ መልስ ነው። በአንድ ቴሌቪዥን ዋጋ ውስጥ ዶላር አለ፣ የባሕርና የየብስ ማጓጓዣ አለ፣ የመንግሥት ታክስ አለ፣ የአስመጪውና የቸርቻሪው ትርፍ አለ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ማንም በደረሰኝ ላይ የማይጽፈው ወጪ አለ፤ ዕቃው ቢበላሽ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው። የቤተሰብ ገንዘብ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ በመጨረሻው በኩል ነው።

ከዶላሩ እንጀምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ዓመቱ ሳይጋመስም ከ120 ብር በላይ ደረሰ። ብዙ ሰው የውጭ ዕቃ ሁሉ ዋጋው በዚያው ልክ እጥፍ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነበር። ቴሌቪዥን ተወደደ፤ እጥፍ ግን አልሆነም። ለምን?

ምክንያቱ አስመጪው ቀድሞውንም ዶላሩን በ57 ብር አያገኘውም ነበር። ባንክ ወረፋ ይዞ ወራት የጠበቀ ነጋዴ ብዙ ነው። የቸኮለው ከጥቁር ገበያ የባንኩን እጥፍ በሚያህል ዋጋ ይገዛ ነበር። ሱቅ ላይ የሚለጠፈው ዋጋ የሚሰላው በዚያኛው ምንዛሪ ነው። ለስሌት እንዲመች ጂቡቲ ወደብ ድረስ 200 ዶላር የሚያወጣ አንድ ቴሌቪዥን እንውሰድ። ነጋዴው ዶላሩን በ115 ብር ገዝቶ ከሆነ ወጪው 23,000 ብር ነው። ጉምሩክ ግን ታክሱን የሚያሰላው በባንኩ ምንዛሪ ስለነበር በጉምሩክ ሰነድ ላይ የዕቃው ዋጋ 11,400 ብር ብቻ ነበር።

አሁን ታክሱን እንደምረው። የቀረጥ መጠኑ እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል፤ ለምሳሌያችን 20 በመቶ እንበል። በ11,400 ብር ላይ ቀረጡ 2,280 ብር ይሆናል። የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ የሚሰላው ዋጋውና ቀረጡ ተደምረው ነው፤ 2,052 ብር ይመጣል። 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ በሁሉም ድምር ላይ ያርፋል፤ 1,573 ብር። በጠቅላላው 5,905 ብር። ነጋዴው ለዶላሩ ካወጣው 23,000 ብር ጋር ሲደመር ዕቃው 28,905 ብር ላይ ቆሟል። ኤክሳይዝ፣ ቅድመ ግብርና ሌሎች ክፍያዎች ነገሩን እንዳያወሳስቡት ትተናቸዋል።

ዶላሩ በባንክ 120 ብር ሲገባ ያው ዕቃ በጉምሩክ ሰነድ ላይ 24,000 ብር ሆነ። ቀረጡ 4,800፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 4,320፣ ሱር ታክሱ 3,312 ብር፤ በድምሩ 12,432 ብር። ዕቃው 36,432 ብር ላይ ደረሰ ማለት ነው። ዶላር ለመግዛት የወጣው ገንዘብ የጨመረው በ1,000 ብር ብቻ ነው፤ ታክሱ ግን ከ6,500 ብር በላይ ጨመረ። መንግሥት የታክስ ምጣኔውን በአንድ በመቶ እንኳ ሳይነካ ከእያንዳንዱ ቴሌቪዥን የሚሰበስበው ገንዘብ ከእጥፍ በላይ ሆነ። «ዶላሩ ነዋ!» የሚለው መልስ ጎደለ ያልኩት ለዚህ ነው። ዶላሩ ዋጋውን የጨመረው በአብዛኛው በጉምሩክ በር በኩል ነው።

የማጓጓዣው ነገርም አለ። ቴሌቪዥን ከክብደቱ ይልቅ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ካርቶኑ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ኮንቴይነር የሚጫነው ቁጥር ውስን ነው። ከኅዳር 2016 ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ የደረሰው ጥቃት የባሕር ማጓጓዣን ሲያስወድድ እንዲህ ያለው ዕቃ ቀድሞ ተነካ።

በሌላው በኩል ለገዥው የሚበጅ አንድ እውነት አለ። ቴሌቪዥን በዶላር ሲታይ ለዓመታት እየረከሰ የመጣ ዕቃ ነው። ከማምረቻ ወጪው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ፓነሉ፣ ማለትም ስክሪኑ ራሱ ነው። የኤልሲዲ ፓነል ማምረት ዛሬ በአብዛኛው በቻይናዎቹ እጅ ነው። ሳምሰንግ በ2014 ዓ.ም. ኤልሲዲ ፓነል መሥራት አቆመ፤ ኤልጂም የጓንግዡ ፋብሪካውን ለቻይናው ቲሲኤል ለመሸጥ መስከረም 2017 ላይ ተስማማ። የፋብሪካዎቹ ውድድር የስክሪኑን ዋጋ ሲያወርድ የብሩ መውረድ መልሶ ይሰቅለዋል። አዲሱ ገበያ ላይ የሚጠራው ዋጋ የእነዚህ የሁለቱ ትግል ውጤት ነው። እዚህ አገር መገጣጠም የሥራ ዕድል ይፈጥራል፤ የምንዛሪውን ጣጣ ግን አያስቀርም፤ ፓነሉ ያው በዶላር ነው የሚገባው።

ወደ ሱቁ እንመለስ። በዚያው መደርደሪያ ላይ ላለ አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ መስማት የተለመደ ነው፤ «በደረሰኝ» እና «ያለ ደረሰኝ»። ልዩነቱ ብዙ ሺህ ብር ሲሆን ገዥው ርካሹን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ግን ምን እንደሸጠ ይወቀው። ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው መብቱን ነው በቅናሽ የሸጠው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ የሌለው ሰው ከዚያ ሱቅ መግዛቱን በምን ያስረዳል? የአምራቹ ዋስትናም እንዲሁ ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከደረሰኙ ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ደረሰኝና ዋስትና ያለው ቴሌቪዥን በ36,000 ብር ተገዝቶ ሰባት ዓመት ቢያገለግል በዓመት ወደ 5,140 ብር ይደርሳል። ስሙ የማይታወቅ፣ መለዋወጫ የሌለው፣ በ26,000 ብር የተገዛው በሁለት ዓመት ቢሰናበት በዓመት 13,000 ብር አስወጣ ማለት ነው። ርካሽና ውድ የሚለየው በአገልግሎት ዘመኑ ሲካፈል ነው።

የአገልግሎት ዘመኑን የሚወስኑት ጥቂት ነገሮች ናቸው። በፍላት ቲቪ ላይ በብዛት የሚሞተው ከስክሪኑ ጀርባ የሚበራው የኤልኢዲ መብራት፣ ጠጋኞቹ ባክላይት የሚሉት ነው። ድምፅ እያለ ምስል ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው፤ ሊጠገን ይችላል። የተሰነጠቀ ፓነል ግን ዋጋው ከአዲስ ቴሌቪዥን ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሻጩ ካርቶኑን ከፍቶ ሲያበራው ገዥው አይቸኩል። ፍላሽ አስገብተው የሚያሳዩት የሚያብረቀርቅ ቪዲዮ ጉድለትን ይደብቃል። ሙሉ ነጭ፣ ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር ምስል ይታይ፤ በነጩ ላይ የጠቆረ ነጥብ፣ በጥቁሩ ላይ ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን ካለ ያኔ ይለያል። በጀርባው የተለጠፈው ሞዴልና መለያ ቁጥር ከካርቶኑና ከዋስትና ወረቀቱ ጋር ይመሳከር። በታክሲም ሆነ በባጃጅ ሲጫን ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ተጋድሞ ወይም ሌላ ዕቃ ተደግፎበት የተጓዘ ስክሪን ቤት ሳይደርስ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቤት ከገባ በኋላ ትልቁ ጠላቱ ሄዶ የሚመጣው መብራት ነው። ኃይል ሲመለስ የሚፈጠረው ድንገተኛ ግፊት የውስጡን ቦርድ ያቃጥላል፤ በዚህ መንገድ የተቃጠለውን ደግሞ ዋስትናዎች በአብዛኛው አይሸፍኑም። ተራ ዲቫይደር መሰኪያ ያበዛል እንጂ ግፊትን አይከላከልም። ከዕቃው ዋጋ ትንሽ ቆንጥሮ የቮልቴጅ መከላከያ መግዛት፣ እሱም ከሌለ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል የዓመታት ዕድሜ ይጨምራል። የፍጆታው ነገር ብዙ አያስጨንቅም። 80 ዋት የሚወስድ 43 ኢንች በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚበላው። ይሁንና የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመታት እንዲጨምር ተወስኗል። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግ ፍጆታውንም ይቀንሳል፣ ባክላይቱንም ያቆያል።

ገንዘብ ከሚባክንባቸው ነገሮች አንዱ የጥራት ቁጥሩ ነው። ኤችዲ የሚባለው 1280 በ720 ነጥብ ነው፤ ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080፤ 4ኬ ደግሞ 3840 በ2160፣ የሙሉ ኤችዲ አራት እጥፍ። ሻጩ 4ኬውን ያስቀድማል፤ ውድ ነውና። ነገር ግን በ43 ኢንች ሙሉ ኤችዲ ስክሪን ላይ ጤነኛ ዓይን ነጥቦቹን ለይቶ ማየት የሚያቆመው ከ1.7 ሜትር ገደማ ጀምሮ ነው። ሶፋው ሦስት ሜትር ላይ ከሆነ የ4ኬ ተጨማሪ ነጥቦች ተከፍሎባቸው አይታዩም። ምንጩም መታሰብ አለበት። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ሳተላይት በኢትዮሳት የምናያቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከኤችዲ አይዘሉም። 4ኬ የሚገኘው በኢንተርኔት ነው፤ ኔትፍሊክስ ለ4ኬ በሰከንድ 15 ሜጋቢት ፍጥነት ይጠይቃል፣ በሰዓት እስከ 7 ጊጋባይት ይበላል። ዳታ በጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ቤተሰብ ይህ ሌላ ወርኃዊ ወጪ ነው። 55 ኢንችና ከዚያ በላይ ለሚገዛና ቀርቦ ለሚያይ ሰው 4ኬ ትርጉም አለው፤ ለመካከለኛ ሳሎን ግን ጥሩ ሙሉ ኤችዲ ይበቃል።

ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? የአብዛኛው የአዲሱ ገበያ ገዥ ባንክ ዕቁብ ነው። 20 ሰዎች በሳምንት 2,000 ብር ቢጥሉ 40,000 ብር ይሰበሰባል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ 20 ሳምንት ሙሉ ያለ ወለድ አበደረ። በእነዚያ 20 ሳምንታት ዋጋው 10 በመቶ ቢጨምር የመጀመሪያው በ36,000 ብር የገዛውን የመጨረሻው በ39,600 ብር ይገዛዋል። ስለዚህ ዕቁብ ለዕቃ መግዣ ሲገባ ከዳኛውና ከአባላቱ ጋር ተነጋግሮ ቀደም ያለ ተራ መያዝ ራሱን የቻለ ቁጠባ ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ በቆየባቸው ዓመታት የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የወጣበት ጊዜ ነበር፤ ባንክ አስቀምጦ መጠበቅ ያኔ ገዥውን ጎድቶታል። ንረቱ ረገብ ሲል ግን ከዋጋ ጭማሪ ፈርቶ በችኮላ መግዛት ይበልጥ ያስከፍላል። በበዓል ዋዜማና በዓለም ዋንጫ ሰሞን ፈላጊ ይበዛል፤ ያኔ መከራከር ይከብዳል። መግዛት ከፈለጉ ገበያው በቀዘቀዘበት ወር ይግዙ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ሲጀምር መቀበያው የጥቂቶች ዕቃ ነበር። ዛሬ የልጆች ትምህርት፣ ዜናና መዝናኛ በአንድ ስክሪን የሚመጣበት የብዙኃን ዕቃ ሆኗል። ለብዙ ቤተሰብም ከወራት ቁጠባ በኋላ የሚገዛ ትልቅ ንብረት ነው። ይህን ንብረት ለመጠበቅ ከመንግሥት የሚጠበቀው ግልጽ ነው። ምንዛሪው የታክሱን ገቢ በራሱ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ካሳደገው ምጣኔውን ዳግም ማጤን ተገቢ ነው። ታክሱ በከበደ ቁጥር «ያለ ደረሰኝ» የሚለው ዋጋ ይበልጥ ያጓጓል፤ ያኔ መንግሥትም ገቢውን፣ ሸማቹም መብቱን ያጣል። ለገዥው ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፤ ለሳሎንዎ የሚበቃውን መጠን ይምረጡ፣ አብርተው ይፈትሹ፣ ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ሳይዙ ከሱቁ አይውጡ።