አቀንጭራ ማሽላን እንዴት ያገኘዋል?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ዝግጅት የተወሰደ)

ዛሬ ከሥነ ሕይወት ትምህርት ጥቂት መሠረታዊ ነጥቦችን ይዘን ቀርበናል። ሥነ ሕይወት ሲባል ብዙዎቻችንን ትዝ የሚለን ጥቁር ሰሌዳና ለፈተና ሲባል በቃል የተሸመደደ ስም ነው። እኛ ግን ዛሬ ትምህርቱን የምንጀምረው ከማሳ ነው፤ ያውም ከይፋት ቆላ ማሳ።

ከጣርማበር ደጋ ተነስተን፣ ደብረ ሲናን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ቀስ በቀስ ይለቀናል፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ይቀበለናል። በዚህ ቆላ የማሽላ ነገር ቀላል ነገር አይደለም። ፍሬው እንጀራና ቂጣ ነው። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለአጥር ይሆናል። ልጆችም ጥንቅሽ እየመጠጡ ያድጋሉ። ስለዚህ ማሽላ ሲጎዳ የሚጎድለው ጎታው ብቻ አይደለም፤ ከብቱም ምድጃውም አብሮ ይጎዳል።

አሁን አንድ ገበሬ እናስብ። ዘሩን በጊዜው ዘርቷል፤ ዝናቡም አልከዳውም፤ ቡቃያው አምሮ ወጥቷል። ነሐሴ ላይ ግን መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ማሽላው ውሃ እንደ ጠማው ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ቁመቱ ይቀጭጫል። ጥቂት ቆይቶም ከማሽላው እግር ሥር ሐምራዊ አበባ ያላት ትንሽ ተክል ብቅ ትላለች። ለማያውቃት ሰው ታምራለች፤ ገበሬው ግን ሲያያት ልቡ ይደነግጣል። ይህች አቀንጭራ ናት። ገበሬው በእልህ ይነቅላታል፤ ማሽላው ግን አያገግምለትም። ለምን? ዝናብ እያለ ማሽላው የጠማው ለምንድን ነው? ተነቅላ በሚቀጥለው ዓመት በዝታ የምትመጣውስ ከየት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ተክል እንዴት እንደሚመገብ፣ ዘር ምን እንደ ሆነና የዘር ውርስ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልገናል።

ተክል ምግቡን ከየት ያገኛል?

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ አካሉ የተሠራው በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ነው። የሰውም፣ የከብትም፣ የማሽላም አካል እንዲሁ ነው። በቅጠል ሕዋሳት ውስጥ ክሎሮፊል የሚባል አረንጓዴ ነገር አለ። ቅጠሉ በዚህ አማካይነት የፀሐይን ብርሃን ይይዝና፣ ከሥር የመጣውን ውሃ ከአየር ከሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕዶ ስኳር ይሠራል። በትምህርት ቤት ብርሃን አስተፃምሮ የሚባለው ይህ ነው። ጥንቅሹን የሚያጣፍጠውም ቅጠሉ የሠራው ስኳር ነው።

ውሃው ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣበት ቀጭን ቧንቧ በግንዱ ውስጥ አለ፤ ስኳሩ ከቅጠል ወደ ሌላው አካል የሚሄድበትም ሌላ ቧንቧ አለ። በቅጠሉ ገጽ ላይ ደግሞ አየር የሚገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። በእነዚህ ቀዳዳዎች አየር ሲገባ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። ማሽላ ውሃ ሲያጥረው ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ያለችውን ይቆጥባል። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

አቀንጭራ ምን ዓይነት ተክል ናት?

አቀንጭራ ጥገኛ ተክል ናት። በሳይንስ ስሟ ስትራይጋ ትባላለች፤ ማሽላችንን በብዛት የምታጠቃው ስትራይጋ ሄርሞንቲካ የምትባለው ዓይነት ናት። አረንጓዴ ቅጠል ስላላት ራሷን የቻለች ትመስላለች፤ ነገር ግን በሌላ ተክል ሥር ላይ ካልተጠጋች መኖር አትችልም። የምትጠጋውም የሣር ወገን በሆኑት ላይ ነው፤ ማሽላ፣ በቆሎና ዳጉሳ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

በማሽላው ሥር ላይ እንደ ተጣበቀች መምጠጫ አካል ታበጅና ሥሩን ሰርስራ ከውሃ ቧንቧው ጋር ትገጥማለች። ቅድም ያዙልን ያልነው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ማሽላው ውሃ ሲያጥረው የቅጠሉን ቀዳዳ ይዘጋል፤ አቀንጭራ ግን የራሷን ክፍት አድርጋ ታቆያለች። ከእርሷ ቅጠል ውሃው በእንፋሎት በወጣ ቁጥር ከማሽላው ሌላ ውሃ ትስባለች። ከውሃው ጋር ምግቡንም ትወስዳለች። ዝናብ እያለ ማሽላው የጠማው ለዚህ ነው።

ከጤፍ ያነሰች ዘር

አንዲት አቀንጭራ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትሰጣለች፤ እስከ 200 ሺህ የምታደርስም አለች። እኛ ትንሽ ነገር ስናይ «እንደ ጤፍ» እንላለን። የአቀንጭራ ዘር ግን ከጤፍም በብዙ ያነሰች፣ ርዝመቷ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ እንኳ የማይሞላ፣ በእጅ ላይ ብትደረግ ትቢያ የምትመስል ናት። ንፋስ ይወስዳታል፤ ጎርፍ ያጓጉዛታል፤ በከብት ኮቴና በማረሻ ላይ ተጣብቃ ትሄዳለች፤ ከገበያ በተገዛ ዘርም ውስጥ ተቀላቅላ ትገባለች። አፈር ውስጥ ከገባች በኋላም ሳትበቅል፣ ሳትሞትም አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ልትቆይ ትችላለች።

ይህ ሁሉ ጥንካሬ ቢኖራትም አንድ ትልቅ ድክመት አላት። የማሽላ ፍሬ በውስጡ ስንቅ ይዟል፤ ቡቃያው ቅጠል አውጥቶ ራሱን እስኪችል የሚበላው ይህንኑ ስንቅ ነው። የአቀንጭራ ዘር ግን ስንቅ የላትም ማለት ይቻላል። ከበቀለች በጥቂት ቀናት ውስጥ የማሽላ ሥር ካላገኘች ትሞታለች። ስለዚህ ዝናብ ስለ መጣ ብቻ አትበቅልም። ሙቀትና እርጥበት አግኝታ ለአንድ ሁለት ሳምንት ትዘጋጅና ምልክት ትጠብቃለች። ለመሆኑ ሥር በአጠገቧ መኖሩን በጨለማ ውስጥ በምን ታውቃለች?

የተራበ ሥር ይጣራል

ሥር ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ ወደ አፈሩ ልዩ ልዩ ኬሚካሎችን ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከጥጥ ሥር አንድ ኬሚካል ለይተው አወጡ። ኬሚካሉ እጅግ በጥቂቱ እንኳ የአቀንጭራን ዘር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ሆኖ ተገኘ። ስሙንም ስትሪጎል አሉት። የማሽላ ሥርም የዚህ ዘመድ የሆኑ ኬሚካሎችን ያመነጫል።

ታዲያ ማሽላ የገዛ ጠላቱን ለምን ይቀሰቅሳል? ይህ ጥያቄ ለ40 ዓመት ያህል መልስ አላገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች መልሱን አገኙ። ጥሪው የተላከው ለአቀንጭራ አይደለም፤ ለወዳጅ ነው። በአፈር ውስጥ ከተክል ሥር ጋር ተረዳድተው የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ። ከክር የቀጠነ አካላቸውን ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ ድረስ ዘርግተው ፎስፈረስ የሚባለውን ማዕድን ያመጡለታል፤ እርሱም በለውጡ ስኳር ይሰጣቸዋል። አፈሩ ፎስፈረስ ሲያጥረው፣ ማለትም ሥሩ ሲራብ፣ እነዚህን ረዳቶች አብዝቶ ይጣራል። አቀንጭራ ደግሞ ለሌላ የተላከውን ጥሪ ትሰማለች። ለወዳጅ የተላከው መልእክት ጠላት ጆሮ ገባ ማለት ነው።

ገበሬዎች አቀንጭራ በደከመ መሬት ላይ እንደምትበዛ ከልምድ ያውቁታል። ሳይንሱ የነገረን ምክንያቱን ነው። መሬቱ ሲደክም ሥሩ ይራባል፤ ሲራብ ይጣራል፤ ሲጣራ አቀንጭራ ትነቃለች።

ከነቃችና ከተጣበቀች በኋላም ወዲያው ከመሬት አትወጣም። ከአንድ ወር በላይ በአፈር ውስጥ ሆና ስትመጠምጥ ትቆያለች። አበባዋን የምናየው የጉዳቱ አብዛኛው ክፍል ከደረሰ በኋላ ነው። በእልህ የተነቀለችዋ አቀንጭራ የዘንድሮን ማሽላ የማታድነው ለዚህ ነው። «ታዲያ መንቀሉ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። መንቀሉ የሚያድነው የሚመጡትን ዓመታት ነው። ዘር ሳትጥል የተነቀለች አንዲት አቀንጭራ ማለት ወደ አፈር ያልገባ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ማለት ነው።

የጥሪውን ዓይነት የለወጠ ማሽላ

በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከወላጅ የተወረሰ የመመሪያ ጽሑፍ አለ፤ የመመሪያው አንድ አንድ ክፍል ጂን ይባላል። የማሽላው ቁመት፣ የፍሬው ቀለም፣ ሥሩ የሚያመነጨው ኬሚካል ሳይቀር በዚህ መመሪያ ይወሰናል። ማሽላ ከጥንት ጀምሮ በእኛና በሱዳን አካባቢ ሲታረስ የኖረ እህል በመሆኑ ዓይነቱ እጅግ ብዙ ነው። ዓይነቱ ብዙ ከሆነ ደግሞ አቀንጭራን የሚቋቋም ሊገኝበት ይችላል።

ይህን ፈልገው ካገኙት ሰዎች አንዱ የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 በምዕራብ ሸዋ ወለንኮሚ ተወለዱ፤ በጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው በዓለማያ ኮሌጅ ተምረው በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። በፐርዱ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የማሽላ ቡቃያን ሥርና የአቀንጭራን ዘር በአንድ ሳህን ውስጥ በማድረግ የየትኛው ማሽላ ሥር ዘሩን እንደሚቀሰቅስ፣ የየትኛው እንደማይቀሰቅስ ለዩ። የማይቀሰቅሰውን ጥሩ ምርት ከሚሰጡ ዓይነቶች ጋር በማዳቀልና በመምረጥ ተቋቋሚ ዘሮችን አወጡ። ከእነዚህ ውስጥ ጎብዬና አብሽር የተባሉት እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ በአገራችን ለገበሬ ተለቀዋል። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከዚህ ባሕርይ በስተጀርባ ያለው ጂን ታወቀ። ተቋቋሚው ማሽላ መጣራቱን አላቆመም፤ የጥሪው ዓይነት ተለወጠ እንጂ። አቀንጭራ ይህን ጥሪ እምብዛም አትሰማውም።

ሆኖም አቀንጭራም የራሷ ውርስ አላት። አበባዋ ያለ ሌላ አቀንጭራ ብናኝ ዘር አይዝም፤ ብናኙን ነፍሳት ያመላልሱላታል። በዚህ የተነሳ ልጆቿ መልካቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው። ዛሬ የተቀየረውን ጥሪ የማትሰማ ብትበዛም፣ ነገ የምትሰማ ልትወለድ ትችላለች። ስለዚህ በተቋቋሚ ዘር ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይገባም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከላይ ካየነው የሚከተለውን እንረዳለን።

አንደኛ፣ መሬቱን ማብላት። ፍግ፣ ኮምፖስትና ማዳበሪያ ማሽላውን ከማጠንከር አልፎ የሥሩን ጥሪ ይቀንሳል። ሥሩ ካልተራበ አብዝቶ አይጣራም።

ሁለተኛ፣ ሰብል ማፈራረቅ። በሸዋ ሮቢት አካባቢ በሰፊው የሚዘራው ማሾ የሣር ወገን ስላልሆነ ይህች አቀንጭራ ልትመገበው አትችልም። ጥጥ፣ አኩሪ አተርና አደንጓሬ መሰል ላም አተር ደግሞ ዘሯን ቀስቅሰው ምግብ ይነፍጓታል፤ ትበቅልና በራብ ትሞታለች። በአሜሪካ ካሮላይና ግዛቶች የአቀንጭራ ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1956 ስትገኝ ያጠፏት በዚሁ ዘዴ ነው። ኤትሊን የሚባል ጋዝ አፈር ውስጥ አስገብተው፣ ሥር በሌለበት ዘሯን እያበቀሉ፣ በብዙ ዓመት ልፋት ሊጨርሷት ተቃረቡ። በኬንያ ደግሞ ገበሬዎች ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ተክል በበቆሎ መካከል እየተከሉ አቀንጭራን ይቀንሳሉ፤ ከብታቸውንም ይመግባሉ።

ሦስተኛ፣ ዘር ሳትጥል መንቀል። የተነቀለችው በማሳ ዳር መጣል የለባትም፤ ከማሳው ወጥታ ትቃጠል።

አራተኛ፣ ለዘር የሚሆነውን ማሽላ አቀንጭራ ካለበት ማሳ አለመውሰድ፤ የተገዛውንም በደንብ ማበጠር። ለአካባቢው ተስማሚ የሆነ ተቋቋሚ ዘር ስለ መኖሩም የግብርና ባለሙያን መጠየቅ።

አምስተኛ፣ ይህን በኅብረት መሥራት። ዘሯ በንፋስና በጎርፍ የምትሄድ በመሆኗ አንድ ገበሬ ብቻውን ማሳውን ቢያጠራ፣ ከላይ ያለው ጎረቤቱ ከተወው ልፋቱ ከንቱ ነው። አቀንጭራን በደቦ መንቀል የጎረቤትን ሐቅ መጠበቅም ነው።

በመጨረሻም ትዕግሥት ያስፈልጋል። በአፈር ውስጥ ያለው ዘር እንደ ተጠራቀመ ዕዳ ነው። አበባዋ በተተወች ቁጥር ዕዳው ይጨምራል፤ ማሳው በጠራ ቁጥር ዕዳው ይቀንሳል። በአንድ ክረምት ተከፍሎ አያልቅም። ሆኖም ዛሬ የጀመረ አባት ለልጁ የሚያወርሰው መሬት ከተረከበው የተሻለ ይሆናል ኢንሻአላህ።

ትምህርት ቤት የምትሄዱ ልጆችም ሕዋስ፣ ብርሃን አስተፃምሮ፣ ጥገኛ ተክል፣ ጂን የሚሉትን ቃላት መምህራችሁ ሲጽፉ ለፈተና ብቻ አትያዟቸው። ማታ ቤት ስትገቡ አባታችሁን ስለ ማሽላው ጠይቁ፤ የተማራችሁትንም ንገሩት። እርሱ ማሳው ላይ ያየውን፣ እናንተ መጽሐፍ ላይ ያያችሁትን ብታገናኙ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ለዛሬው በዚህ እናብቃ። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።