ለውጭ አገር ኮሌጅ ማመልከቻ ጽሑፍ የትርፍ ጊዜ ተግባርን ስለመምረጥ

በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ምደባ በዋናነት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ተማሪዎች ስለ ራሳቸው የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ አይጠየቁም። በአሜሪካ ግን በርካታ ኮሌጆች ከትምህርት ውጤት በተጨማሪ የግል ጽሑፍ ይጠይቃሉ። ይህ መረጃ በጽሑፋቸው ስለ አንድ የትርፍ ጊዜ ተግባር ለማስረዳት ያሰቡ አመልካቾች ተገቢውን ምርጫ እንዲያደርጉ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

1. ተግባራት የሚገለጹባቸው ሁለት ቦታዎች

ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 10 የሚደርሱ ተግባራትን ለመዘርዘር ቦታ አለው። የእያንዳንዱ ተግባር መግለጫ ከ150 የፊደል ምልክቶች መብለጥ የለበትም። የግል ጽሑፉ ደግሞ ከ250 እስከ 650 ቃላት ይይዛል። ስለዚህ የተሳትፎ ብዛትና የተገኙ ሽልማቶች በዝርዝሩ ውስጥ ሊገለጹ ይችላሉ። ጽሑፉ ሊያሳይ የሚገባው በዝርዝር ሊነገር የማይችለውን፣ ማለትም አመልካቹ እንዴት እንደሚያስብና ለምን እንደሚተጋ ነው።

2. የመምረጫ መመዘኛዎች

አመልካቾች አንድን ተግባር ከመምረጣቸው በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለራሳቸው ቢያቀርቡ ይመከራል።

ሀ. ማንም ሳያዝዘኝና ሳይሸልመኝ የምሠራው ነውን?
ለ. በጊዜ ሂደት በእኔ ላይ ያመጣውን ለውጥ በተጨባጭ ማሳየት እችላለሁን?
ሐ. እኔ ብቻ ልጽፋቸው የምችላቸው ዝርዝር ጉዳዮች አሉትን?

ለአብነት፣ “እግር ኳስ የቡድን ሥራን አስተምሮኛል” የሚለውን ዓረፍተ ነገር እጅግ ብዙ ተማሪ ሊጽፈው ይችላል። በአንጻሩ ለጎረቤት ሬዲዮ የሚጠግን ተማሪ ብልሽቱን በምን ቅደም ተከተል እንደሚፈልግ፣ የጠፋን ዕቃ በምን እንደሚተካ፣ መጠገን ያልቻለውን ለባለቤቱ እንዴት እንደሚያስረዳ ቢጽፍ፣ አንባቢው የተማሪውን አስተሳሰብ ይረዳል። ልዩነቱ ከተግባሩ ክብደት ሳይሆን ከአገላለጹ የሚመነጭ ነው።

3. “የትርፍ ጊዜ ተግባር የለኝም” ለሚሉ አመልካቾች

ፒያኖ ያልተማረ ወይም ክበብ በሌለበት ትምህርት ቤት ያደገ ተማሪ የሚጽፈው እንደሌለው ሊሰማው አይገባም። ኮመን አፕ በተግባራት ምድቦቹ ውስጥ የቤተሰብ ኃላፊነትንና የሚከፈልበት ሥራን አካትቷል። ታናናሾችን መንከባከብ፣ በሱቅ ማገልገል፣ ንብ ማነብ፣ ጥልፍ መጥለፍ፣ ገበጣ መጫወትና የጨዋታውን ስሌት መመርመር ሁሉም ለጽሑፍ የሚበቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ችግርን ብቻ መዘርዘር በቂ አይደለም፤ አመልካቹ በሁኔታው ውስጥ የወሰደውን እርምጃና ያገኘውን ግንዛቤ መግለጽ ይኖርበታል።

4. ለውጭ አንባቢ ግልጽ ስለማድረግ

ገምጋሚው በገና ወይም ገበጣ ምን እንደሆነ ላያውቅ ስለሚችል በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። ዓመተ ምሕረቶችም ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መለወጥ አለባቸው። የብዙ ኮሌጆች የቅድሚያ ማመልከቻ ማብቂያ የሆነው ኖቬምበር 1 በአብዛኛው ጥቅምት 22 ቀን ላይ ይውላል። የየኮሌጁ ቀን ስለሚለያይ ከኮሌጁ ድረ ገጽ ማረጋገጥ ይገባል።

5. ለዩናይትድ ኪንግደም ለሚያመለክቱ

በዩናይትድ ኪንግደም በዩካስ በኩል የሚቀርበው የግል መግለጫ ከ2026 የትምህርት ዘመን ቅበላ ጀምሮ በሦስት ጥያቄዎች የተከፈለ ሲሆን፣ በድምሩ ከ4,000 የፊደል ምልክቶች አይበልጥም። ትኩረቱም አመልካቹ ለመረጠው የትምህርት ዘርፍ ያለው ዝግጁነት ነው። በመሆኑም የትርፍ ጊዜ ተግባር ሊጠቀስ የሚገባው ከዘርፉ ጋር ያለው ግንኙነት ሲብራራ ነው። ለአሜሪካ ኮሌጅ የተዘጋጀን ጽሑፍ እንዳለ መላክ አይመከርም።

6. ማሳሰቢያ

አመልካቾች ጽሑፉ የራሳቸው ሥራና እውነተኛ መሆኑን በፊርማ ያረጋግጣሉ። በክፍያ በሌላ ሰው የተጻፈ፣ ከሌላ የተቀዳ፣ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተዘጋጅቶ እንደ ራስ ሥራ የቀረበ ጽሑፍ ማመልከቻን ሊያሰርዝ፣ የተሰጠ ቅበላንም ሊያሳጣ ይችላል። ስለሆነም “ጽሑፍ እናዘጋጃለን፣ ቅበላ እናስገኛለን” ከሚሉ ደላሎች መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መምህር ወይም ቤተሰብ ረቂቁን አንብቦ አስተያየት ቢሰጥ ግን ተገቢ እገዛ ነው።

በመጨረሻም፣ ረቂቁን የሚያውቅዎት ሰው እንዲያነበው ያድርጉ። ስምዎ ባይጻፍበትም የእርስዎ መሆኑን ከለየ፣ የመረጡት ተግባር ተስማሚ ነው።